ስምንት ስልቻ ትንፋሽ ወደ አንኮበር

ከደነባ አንኮበር ሦስት ቀን ነው። ነፋስ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ግን አራት ቀን ይፈጃል፤ ለምን እንደሆነ በየቦታው እናገራለሁ። እዚህ ደነባ ያላችሁ ዘመዶቼ «ቁልቁለቱ እንዴት ነው? ሰዉስ ምን ይበላል?» እያላችሁ መንገድ ላይ ስለምታቆሙኝ፣ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ያንብብላችሁ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። አብዛኞቻችሁ አንኮበርን አታዩትም። ብዙም አይቆጫችሁ፤ እኔም ሄጄ ከጉሙ የተነሳ እምብዛም አላየሁትም።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው። በልጅነቴ ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ አንኮበር ነው የሚኖሩት። ባለፈው ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አዳልጧቸው ወደቁና ወገባቸው ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ቀሩ። በጥር አንድ መንገደኛ የእህታቸውን የእማሆይን ቃል አመጣልኝ፤ «ወንድሜ ከመተኛት ብዛት ጀርባው ቆስሏል፤ ቁስሉ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። አንተ ቆዳ ታውቃለህና ለስላሳ አጎዛ ካለህ ላክልኝ። እሱ ደግሞ እንዲህ በሉልኝ ይላል፤ ትል የሚበላኝ ከተቀበርኩ በኋላ ነበር፣ ምነው ቸኮለ?»

ይህ ቀልድ የሚያስቀው የኔታን የማያውቅን ሰው ነው። እኔ አለቀስኩ። ሚስቴ ግራ ገባት፤ ምክንያቱም በተማሪነቴ ጀርባዬን በአለንጋ የላጡት እሳቸው መሆናቸውን ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። «የሱ ጀርባ ቢላጥ ላንተ ምንህ ነው?» አለችኝ።

እኔ እንደምታውቁት ብራና ፋቂ ነኝ። ለመጽሐፍ ቆዳ የሚፍቅ ደብተራ ይባላል፣ ለጫማና ለኮርቻ ቆዳ የሚያለፋው ግን ይናቃል፤ ሽታችን ግን አንድ ነው። አጎዛ መላክ ይበቃኝ ነበር። ግን በዚያው ሰሞን ማረሻዬን ላሠራ ከአንጥረኛው ዘንድ ሄጄ ወናፉ ላይ ተቀመጥኩና እዚያው አሸለብኩ። ስነቃ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ አጎዛ ምንም ቢለሰልስ ከሥሩ መደቡ አለ። ከሥሩ ትንፋሽ ብቻ ቢሆንስ? ስምንት የፍየል ስልቻ አዘጋጀሁ፤ ስፌታቸውን በቅቤ ደፈንኩ፤ ለእያንዳንዱ መንፊያ የሚሆን ቀንድና የእንጨት ውታፍ አበጀሁ፤ ጎን ለጎን ደርድሬ በአቡጀዴ ሰፋኋቸው። አልጋ ሆነ።

ሰኞ

ሰኞ ማለዳ ሁሴን አህያውን ይዞ መጣ። ሁሴን አልዩ አምባ ገበያ የሚመላለስ ጨው ነጋዴ ነው፤ ሲሄድ አህያው ባዶዋን ስለሆነች፣ ጭነቱ ቀላል ነው ብዬ አግባባሁት። አልዋሸሁም። ግን ስልቻዎቹን ነፍቼ ነበር የጫንኳቸው።

«ምነው ደብተራ፣ አጥፈህ ብትጭነው?» አለኝ።

ቆዳ በብርድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል አልኩት። እውነት ነው፣ ይሰነጠቃል። ይሁንና የታጠፈ ስልቻ የያዘን ሰው ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ስምንት የተነፋ ስልቻ የተሸከመችን አህያ ግን ደነባ በሙሉ ወጥቶ አያት፤ እናንተም ነበራችሁ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኔ መጽሐፉን ላለማጠብ የቀረኝ ጥቂት ነበር።

ሜዳችን ነፋስ አያጣም። ገና የመረሬውን ጥቁር አፈር ሳንጨርስ ነፋሱ ጭነቱን ጎን ለጎን ይገፋው ጀመር፤ አህያዋ ወደ ፊት መሄዱን ትታ እንደ ጸበኛ ሰው በጎኗ ትሄዳለች። ሁለት ጊዜ ከነጭነቷ ቦይ ውስጥ ገባች።

«ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ጭኛለሁ» አለ ሁሴን። «አህያዬ በጭነቷ ስትበር ያየሁት ዛሬ ነው።»

ማታ ያደርነው አያ ደስታ ከሚባሉ ገበሬ ቤት ነው። ለእንግዳ እግር ማጠብ እኛም ዘንድ አለ፤ እዚያ ግን ባለቤቱ ራሳቸው፣ ዳሌያቸው እያመማቸው፣ ጎንበስ ብለው አጠቡን። ራታችን ስልጆና የባቄላ ንፍሮ ነበር፤ ሁዳዴ ነውና። ሁሴን ሁዳዴን ይወደዋል። በሌላ ጊዜ በክርስቲያን ቤት ሥጋ ስለሚቀርብ ጾሙን ያድራል፤ በሁዳዴ ግን ሁሉም ቤት ይበላል። «ያንተ ጾም የኔ ፍስክ ነው» ይለኛል።

የአያ ደስታን ዳሌ ሳይ አልጋዬን ልሞክርባቸው ፈለግሁ። እንደ ከበሮ እስኪወጠር ነፋሁትና መደቡ ላይ ዘረጋሁት። ወጡበት፤ ወደ ቀኝ ተንሸራተው ወረዱ። እንደገና ወጡ፤ ወደ ግራ ወረዱ። በሦስተኛው ከመደቡ ሥር የተኛችው ጥጃ ላይ አረፉ። ሚስታቸው እትዬ የሺ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አያ ደስታ ግን ጨዋ ሰው ናቸውና፣ «አልጋውስ ደኅና ነው፤ መተኛት ያልለመድኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

ማክሰኞ

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ጠባቂው አህያዋን በሩቁ ሲያይ ተነስቶ ቆመ።

«ምንድን ነው የጫንከው?»

«ትንፋሽ።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ሁሴን ፊቱን አዞረ። ጠባቂው ግን ቀልድ የማይወድ፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። ማር ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ጨው ሲያልፍም ያውቃል፤ ትንፋሽ ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ ግን የነገረው የለም። ስለዚህ የተደበቀ ነገር እንዳያልፍበት የስምንቱንም ውታፍ ተራ በተራ ነቀለ። አንዱን ጆሮው ላይ አደረገ፣ አንዱን አሸተተ፤ የቅቤ ሽታ ያዘለው ትንፋሼ ፊቱ ላይ ሲነፋበት በጾም ቀን ብሎ አማተበ። ስልቻዎቹን አንድ በአንድ እስከ ጫፋቸው ዳበሰ። ምንም የለም። ቀኑ ግማሽ ሆነ። መጨረሻ ላይ ፍርዱን ሰጠ፤ «ነፋስ ነው። እለፍ።»

እንዲህ ነው አንድ ቀን የተበላብኝ። ጠባሴ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር የሁሴን ወዳጅ የሆነ ሸማኔ አሳደረን። እኛ ደነባዎች ብርድ እናውቃለን እንላለን፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ያላየ ሰው ይህን ባይናገር ይሻላል። ሸማኔው ጥጥ የሚያስቀምጥበትን ጥግ ለቀቀልን። እኔ ደክሞኛል፤ ከንፈሬ ከሰኞው መንፋት አብጧል። ስምንቱን ስልቻ ግማሽ በግማሽ ነፍቼ፣ ይብቃኝ ብዬ፣ ላዩ ላይ ጋደም አልኩ።

ሲነጋ ሁሴን «ደብተራ፣ ዛሬ አላቃሰትክም» አለኝ።

እውነትም አላቃሰትኩም። ጎንበስ ብሎ ብራና ሲፍቅ የኖረ ሰው ወገብና ዳሌ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ተነስቼ ስልቻውን በእጄ ተጫንኩት። ሲሞላ ሰውን በአጥንቱ ይዞ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ሲጎድል ግን ሰውየው ወደ ውስጥ ይሰምጥና ስልቻው ዙሪያውን ደግፎ ይይዘዋል። ከጥር ጀምሮ ስለዚህ አልጋ ሳስብ ያልታየኝ ነገር፣ በአንድ ኬላ ጠባቂና በራሴ ስንፍና ተገለጠልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልቻዎቹን አጥፌ ጫንኳቸው። አንዳቸውም አልተሰነጠቁም።

ረቡዕ

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ወደ ገደሉ አፋፍ ተጓዝን። ስለ አገሩ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ከአህያዋ ጭራ ወዲያ ያየሁት የለም። ጉሙ እንዲያ ነው። አንድ ቦታ አድጦኝ ቁጭ አልኩ፤ በበጎች መካከል መቀመጤን ያወቅሁት ሲጮኹብኝ ነው። ያሳደረን ባላገር የሚለብሰውን የሱፍ ባና አውልቆ ለእኔ ሰጥቶ ራሱ እሳት ዳር ኩርምት ብሎ አደረ። ማገዶው ጽድ ነው። እኛ ኩበት የምንቆጥብ ሰዎች ነን፤ ያንን የሚያህል ጽድ ሲነድ ሳይ አንጀቴ አረረ። በሶ አቀረበልን፣ ሁለተኛ ጨመረልን፣ እንቢ ብንልም ሦስተኛ ጨመረልን።

ሐሙስ

ሐሙስ ወደ አንኮበር ደረስን። ደነባ ላይ ጎረቤትህን በሩቅ ታየዋለህ፤ አንኮበር የጎረቤትህ ጣራ ከእግርህ ሥር ነው። ሰዉ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል፤ ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሲነጋገር ያየሁት ሰው የለም። ሁሴን ከነስልቻዎቼ የኔታ በር ላይ ትቶኝ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ሄደ።

እማሆይ ደጃፍ ላይ ተቀበሉኝ። አጭር፣ ፈጣን፣ ምርቃታቸውም ቁጣ የሚመስል ሴት ናቸው። «አጎዛ ብልህ ስልቻ ታመጣለህ? ግባ» አሉኝ።

የኔታ በጎናቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ከእኚያ ግዙፍ ሰው የቀረው ድምፃቸው ብቻ ነው። እማሆይ ጨርቁን ገልጠው ቁስሉን አሳዩኝ። ከወገባቸው በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ የጡጫዬን ያህል ተከፍቷል፤ ሽታውም አለ። ቆዳ ስፍቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አያስደነግጠኝም ብዬ ነበር። ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

ስመለስ የኔታ «ቅቤ ይሸተኛል» አሉ። «በሁዳዴ ቅቤ ላይ ልታስተኛኝ ነው?»

«በጀርባህ አትበላው» አሉ እማሆይ። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ስምንቱን ግማሽ በግማሽ ነፍቼ ከመደባቸው ላይ ዘረጋሁ፤ ከላይ የቤቱን አጎዛ አደረግን፤ አንስተን አስተኛናቸው። «መሬቱ የት ሄደ?» አሉ። ከዚያ ተኙ። እማሆይ በቀን እንቅልፍ ሲወስዳቸው ካዩ ወራት ማለፉን ነገሩኝ። የዚያን ቀን ራሴን ከጠቢብ ቆጠርኩት።

ዓርብ

ዓርብ ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። የኔታ ፊታቸው አመድ መስሎ አሮጌው መደብ ላይ ተኝተዋል፤ እማሆይ ከጀርባቸው ደም ይጠርጋሉ። አልጋዬ ጥግ ላይ ተጥሏል፤ ስምንቱም ስልቻ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

የሆነውን የነገሩኝ ጎረቤታቸው እትዬ ዘውዴ ናቸው። «ጎድሎ አገኘነው፣ ልጄ። ከደነባ ድረስ የመጣ ስጦታ ጎድሎ ሲታይ ነውር አይደለም? የመጣው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ጨመረበት። ከዚያ የኔታ ተንሸራተው ወደቁ።»

ምን ልበላቸው? ቁና ሲሰፈር አናቱ ካልተቆለለ ሰጪውም ተቀባዩም የሚያፍርበት አገር ሰዎች ነን። ጎዶሎ ዋንጫ ለእንግዳ አናቀርብም። በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው፣ ሌላ የሚሰጡት ባይኖራቸው ትንፋሻቸውን ሰጡ። እኔስ አያ ደስታን ጥጃ ላይ የጣልኳቸው በምን ሆነና?

«ተክሌ» አሉኝ የኔታ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ይህን ወስደህ ከበሮ ሥራበት።»

አልጋውን ተሸክሜ ወጣሁና ከአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። አፈርኩ። እሳቸውን ላሳርፍ መጥቼ ቁስላቸውን አሰፋሁት፤ የቆሰለ ሰው ሲደማ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቀረው ደግሞ አውቃለሁ። እማሆይ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ጠያቂን አትምጣ አይባል» አሉ። «ትንፋሽህን ያዝ አይባል። አልጋህ ደግሞ ይህ ካልተባለ አይሠራም። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

እኔ ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ማለዳ ልሰናበት ገባሁ። ሳልሄድ እውነቱን ልናገር ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አህያዋ በጎኗ መሄዷን፣ አያ ደስታ ጥጃዋ ላይ መውደቃቸውን፣ «የማን ትንፋሽ?» የተባልኩትን። ኬላው ላይ ስደርስ የኔታ ሳቁ። ሲስቁ አመማቸው፤ እያመማቸው ሳቁ። እማሆይ ከጓዳ ወጥተው አዩአቸው።

«ስልቻው ስንት ነው?» አሉኝ የኔታ።

«ስምንት፣ የኔታ።»

«ስምንቱም ባንድ ጊዜ ይነፋል?»

«አዎ።»

«እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ? ማኅሌት ስትቆሙ ቀኝና ግራው አብሮ ይጮኻል?»

«አይ፣ የኔታ። ቀኙ ሲመራ ግራው ያርፋል። ከዚያ ግራው ይቀበላል።»

«ታዲያ ምነው ጀርባዬ ላይ ስምንት መሪ አቆምክብኝ?»

እንደ ልጅነቴ ጀርባዬ አለንጋ የጠበቀ ይመስለኛል። ከዚያ ሮጬ አልጋውን አመጣሁ። አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ሰባተኛውን ቀኝ አልናቸው፤ የቀሩትን ግራ። ቀኞቹን በልክ ነፋን፤ ግራዎቹን አላላን። ቆይተን ግራዎቹን ነፍተን ቀኞቹን አላላን። እንዲህ ሲሆን፣ አሁን የተጫነው ሥጋ ኋላ ያርፋል፤ አንድ ቦታ ሁልጊዜ አይደቆስም።

የጠያቂዎቹንም ነገር የኔታ ራሳቸው ፈቱት። ማንም ሰው ሳያስተነፍስ አይነፋም፤ የአንዱን ወገን ትንፋሽ ያወጣ ሰው ብቻ ለሌላው ወገን ትንፋሹን ይሰጣል፤ ልኩም እማሆይ በእጃቸው ተጭነው በቃ ሲሉ ነው። እትዬ ዘውዴ ከሁሉ ቀድመው ለመዱት። በቀን ሁለት ጊዜ እየመጡ የግራው መሪ ሆኑ፤ ቀኝ የደረሰውን ሰው አዘገየህ ብለው ይቆጡታል። አንኮበር ጠያቂ አይታጣምና ተራው ሳይቋረጥ ዋለ። ሲነፉ ማውራት ስለማይቻል፣ የኔታ «ቁስሌ ባይድን እንኳ ሐሜቱ ቀንሷል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች አልዘረዝርም፤ አንድ ዓይነት ነበሩ። መጀመሪያ ሽታው ጠፋ። ቀጥሎ የቁስሉ ጠርዝ ቀላ። የሆሳዕና ዕለት እማሆይ ጨርቁን ገልጠው ሲያሳዩኝ ቁስሉ የባቄላ ፍሬ ያክል ነበር። እማሆይ አላመሰገኑኝም፤ ስልጆ ላይ ስልጆ ጨመሩልኝ።

ትንሣኤን ውዬ ሁሴን ሲመለስ አብሬው ተነሳሁ። የኔታ እጄን ያዙ። «በተማሪነትህ ስገርፍህ እኔንም ያመኝ ነበር ብዬ አልዋሽህም» አሉኝ። «አላመመኝም። አሁን ተኝቼ ሳስበው ነው ያመመኝ።» ቁልቁለት የመሰለኝ መንገድ ስመለስ ዳገት ነበር፤ አለቀስኩም፣ ሁሴን ብርዱ ነው ብሎ እንዳላየ አለፈኝ።

በሰኔ ሁሴን ደነባ መጣ። አህያዋን በሩቁ ሳያት ገባኝ፤ በጎኗ ነበር የምትሄደው። የኔታ በጠና ሳይታመሙ፣ ተደግፈው ተማሪ ሲያርሙ ልባቸው ቀጥ አለ አለኝ። ከእማሆይ የተላከ ቃልም ነበረው። ገላቸውን አጥበው የገነዟቸው ቄስ ጀርባቸው ድፍን ነው፣ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው ብለዋል። እማሆይም «ለተክሌ ንገረው፤ ትሉ ተራውን እንዲጠብቅ አድርጎታል» ብለዋል።

ስልቻዎቹን አወረድን። ቤቱ ለቅሶ ሲሆን ማንም ውታፍ አልነካም። ግራዎቹ መንገድ ጥቂት ቢያላላቸውም እንደተነፉ ናቸው፤ ቀኞቹ ተኝተዋል። ሁሴን ውሃ ጠጥቶ ሄደ። እኔ ደጅ ተቀምጬ የግራዎቹን ውታፍ አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ የአንኮበር ሰዎች ትንፋሽ ፊቴ ላይ ወጣ። ከዚያ ቀኞቹን መንፋት ጀመርኩ።

ሚስቴ ብቅ ብላ «የሚተኛበት ሳይኖር ለማን ነው የምትነፋው?» አለችኝ።

«ተራው የቀኝ ነው» አልኳት።